ግልጽ ደብዳቤ ለስምሪት ክፍላችን፦ የሚሌ ወረፋ የሹፌር ጥፋት አይደለም

ይድረስ ለድርጅታችን የስምሪትና የመኪና ክትትል ክፍል

የተከበራችሁ የክፍሉ ኃላፊዎችና ሠራተኞች፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በጅቡቲ መስመርና በአገር ውስጥ ጭነት ላይ የምንሠራ የድርጅቱ ሹፌሮች ነን። ስለ አዲሱ የስምሪት ሲስተምና በእሱ ምክንያት ስለሚቆረጥብን አበል ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቀናችኋል። በስልክማ ስንቴ እንደደወልን እኛም ቁጥሩን አናውቀውም። መልስ ስላጣን ነው ሰው ሁሉ በሚያነበው ቦታ የጻፍነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ2017 መስከረም ጀምሮ ስምሪታችን በአዲሱ ሲስተም ሆኗል። በየመኪናው ጂፒኤስ ተገጠመ፣ በየስልካችን አፕ ተጫነ። መቼ እንደምንጭን፣ በየት እንደምንሄድ፣ በስንት ሰዓት መድረስ እንዳለብን የሚወስነው እሱ ነው። እስከዚህ ድረስ ችለን ሠራን። ካለፈው ወር ጀምሮ ግን ሲስተሙ የሚሰጠን ነጥብ አበላችንን እንዲወስን አደረጋችሁ። "ዘግይቷል" የተባለ ሹፌር ከአበሉ ይቆረጥበታል፤ ሦስት ጊዜ ከተደገመ ደግሞ ተራው ይዘለላል። ይህን ያህል ነገር ስትወስኑ አንዳችንን እንኳ ጠርታችሁ አልጠየቃችሁም። ማስታወቂያ ለጠፋችሁ፣ በቃ።

ሲስተም አንፈልግም አላልንም። ይህ ይሰመርበት። ድሮ ስምሪት እንዴት እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ስምሪት ላይ ዘመድ ያለው ጥሩ ጭነት ይወጣለታል፤ የሌለው ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ መኪናው ሥር ምንጣፍ አንጥፎ ሳምንት ይተኛል። ተራ በሲስተም ሲሆን ይህ ይቀራል ብለን ደስ ያለን ብዙ ነን፤ እውነትም በዚህ በኩል ብዙ ተሻሽሏል።

በስልጠናው ዕለት የመጣው ባለሙያ የሰጠን ምሳሌ እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። አንድ መኪና 10 ቦታ ዕቃ ማድረስ ቢኖርበት፣ የቱን አስቀድሞ የቱን ያስከትል የሚለው ብቻ 3,628,800 አማራጭ አለው አለን። ሰው ቁጭ ብሎ ይህን ሊያሰላው አይችልም። ሒሳቡም የዛሬ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1959 ዳንትዚግና ራምሰር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከአንድ ዴፖ ቤንዚን ጭነው ለብዙ ማደያ የሚያዳርሱ መኪኖች እንዴት ቢሰማሩ ይሻላል ብለው ሲያሰሉ ነው የተጀመረው አለን። አመንነው። ግን ያው ባለሙያ፣ ስሌቱ ልክ የሚመጣው የገባለት ቁጥር ልክ ሲሆን ነው ብሎም ነበር። የእኛ ቅሬታ በሙሉ ያለው እዚህች ላይ ነው። ለሲስተሙ ያስገባችሁለት ቁጥር የእኛን መንገድ አያውቀውም።

ከወረፋው እንጀምር፤ ትልቁ እሱ ነው።

ከጅቡቲ ወደብ እስከ ሞጆ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሲስተሙ ይህን ርቀት ለፍጥነት ያካፍልና "በዚህ ሰዓት ሞጆ ድረስ" ይላል። በጅቡቲ በኩል ከዲኪል እስከ ጋላፊ ድንበር ለዓመታት ጎማና ባሌስትራ የበላብንን መንገድ እንደ አስፋልት ይቆጥረዋል። የጋላፊን ሰልፍ አያውቅም። ሚሌ የጉምሩክ ኬላ ላይ ሰነድ ታይቶ እስኪለቀቅ የሚያልፈውን ጊዜ አያውቅም። የጭነት ሚዛን ላይ የሚቆመውንም አያውቅም። ለእሱ መንገዱ ባዶ ነው፤ የቆመ መኪና ሁሉ ደግሞ ሰነፍ ሹፌር ነው።

ባለፈው ወር አንድ ባልደረባችን ሚሌ ላይ 31 ሰዓት ቆመ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የጉምሩክ ሰነዱን የሚያስፈጽመው ትራንዚተር የኮንቴነሩን ቁጥር አንድ አኃዝ አሳስቶ ጽፎታል። ሹፌሩ ምን ያድርግ? ሰነዱ ተስተካክሎ እስኪመጣ ከመኪናው ሥር ጥላ ፈልጎ ተቀመጠ። የሚሌን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። በመሃል ከስምሪት ሁለት ጊዜ ተደውሎለት "ለምንድነው የማትንቀሳቀሰው?" ተባለ። ሞጆ ሲደርስ 31ዱም ሰዓት በስሙ መዘግየት ተብሎ ተመዘገበ። አበሉ ተቆረጠ። ቁጥሩን ያሳሳተው ሰውዬ ጋ የሄደ ጥያቄ የለም።

የሚያሳዝነው ደግሞ መፍትሔው እጃችሁ ላይ መሆኑ ነው። መኪኖቻችን ከዓመት በላይ በየሳምንቱ ሚሌና ጋላፊ ሲቆሙ ጂፒኤሱ እያንዳንዷን ደቂቃ መዝግቧል። የትኛው ቀን ላይ ወረፋ እንደሚበዛ፣ መርከብ ብዙ ሲያራግፍ ስንት ሰዓት እንደሚጨምር፣ ሁሉም እዚያው ኮምፒውተራችሁ ውስጥ አለ። በኬላው ዙሪያ በካርታ ላይ ክብ አድርጋችሁ፣ መኪናው ሲገባና ሲወጣ ሰዓቱን ለብቻው ያዙት። ያን ጊዜ መንዳት ስንት እንደፈጀ፣ ወረፋ ስንት እንደፈጀ ለየቅል ይታያል። እኛም የሚገባንን እንጠየቅ፣ ሌላውም የሚገባውን ይጠየቅ።

ከዚህ የባሰው ግን የእረፍት ጉዳይ ነው፤ ይህን በተለይ አንብቡልን።

ሲስተሙ የቆመን መኪና "እረፍት ላይ" ብሎ ይመዘግባል። ሰልፍ ላይ ግን ማንም አያርፍም። በየሃያ ደቂቃው አሥር ሜትር ትጠጋለህ። ከተኛህ ከኋላ ያለው ይቀድምሃል ወይ ጥሩምባ ይነፋብሃል። ሌሊቱን እንዲህ አድርጎ ያነጋ ሹፌር ከሰልፉ ሲወጣ ሲስተሙ "እረፍት አድርጓል፣ ለጉዞ ዝግጁ" ይልና የባከነውን ሰዓት እንዲያካክስ ወደ ሌሊት ጉዞ ይሰደዋል። ከሎግያ እስከ አዋሽ ሌሊት የነዳ ሰው መንገዱ ላይ ምን እንደሚያጋጥም ያውቃል። ግመል አለ፣ ከብት አለ፣ መብራት ሳያበራ የቆመ ተሳቢ አለ። ከእናንተ መሃል ያንን መንገድ በሌሊት ከእኛ ጋር ተቀምጦ ያየ ካለ ይመስክር።

ከሁለት ሳምንት በፊት ከመተሐራ ወዲያ አንድ ባልደረባችን እንቅልፍ ጣለውና መኪናው ከመንገድ ወጣ። እግዚአብሔር ይመስገን ነፍሱ ተርፏል። ረዳቱ ግን እግሩ ተሰብሮ አሁንም ቤት ተኝቷል። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ቀናት ውስጥ ሹፌሩ በድምሩ አምስት ሰዓት እንኳ እንቅልፍ አላገኘም። የሲስተሙ መዝገብ ግን 14 ሰዓት እረፍት ይላል። በዚህ መዝገብ መሠረት ጥፋተኛ ነህ ተብሎ ደብዳቤ ተሰጥቶታል። እኛ ይህን ጉዳይ አንተወውም።

አሜሪካ ከባድ መኪና የሚነዳ ታናሽ ወንድም አለኝ። እዚያ የእኛ ልጆች በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ናቸው፤ ከእናንተም ዘመድ የሌለው አይጠፋም። ወንድሜ ሥራ ከጀመረ በኋላ በ14 ሰዓት ውስጥ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይችልም፤ እንደገና ለመነሳት 10 ሰዓት ተከታታይ እረፍት ያስፈልገዋል። ከ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ አብዛኛው ሹፌር ይህን የሚመዘግብ መሣሪያ መኪናው ላይ የግድ አለበት። አውሮፓም ቢሆን አራት ሰዓት ተኩል የነዳ ሰው 45 ደቂቃ ካላረፈ አይቀጥልም። እዚያ ያለ ስምሪት ሰዓቱ ያለቀበትን ሹፌር ሂድ ማለት አይችልም። የእኛው ሲስተም ግን መኪናው ስንት ሊትር እንደቀረው ያውቃል፣ ሰውየው ስንት ሰዓት እንዳልተኛ አያውቅም። እንቅልፉን በጫት እየሰበረ የሚነዳ ልጅ ለምን እንደበዛ የምትጠይቁን ከሆነ፣ መልሱ ግማሹ እዚህ ውስጥ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ማንቂያ አለ። ከ80 በላይ ስትነዳ "ፍጥነት" ብሎ ይጮኻል። ከ80 በታች ስትነዳ ደግሞ አፑ "እየዘገየህ ነው" ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ መታዘዝ አይቻልም። ሞክረነዋል።

"ቅጽበታዊ መረጃ" የምትሉትም አለ። ሲስተሙ መንገድ ላይ ያለውን ወዲያው ያውቃል፣ እንደ ሁኔታው አቅጣጫ ይቀይራል ተብለን ነበር። በ2017 ታኅሣሥና ጥር በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ በኩል መሬቱ በየቀኑ ሲንቀጠቀጥ፣ መንገዱ ሲሰነጠቅ፣ ሕዝቡ ከቤቱ ወጥቶ ሲሰፍር ሁላችሁም በዜና ሰምታችኋል። እኛ እዚያ መሃል ነበርን። ሌሊት ጎማው ሥር መሬቱ ሲናጥ የሚሰማውን ስሜት ለመናገር ይከብዳል። አፑ ግን መንገዱን አረንጓዴ አድርጎ እያሳየ፣ የመድረሻ ሰዓታችንን አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቀይር "ቀጥል" ይል ነበር። የቱ ጋ እንደተሰነጠቀ፣ የቱ ጋ ቀስ ማለት እንዳለብን፣ ማን የት እንደቆመ የተነጋገርነው በሹፌሮች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ በድምፅ መልእክት ነው። አንዱ አይቶ ይልካል፣ ከኋላ ያለው ሰምቶ ይጠነቀቃል። ከየትኛውም ሲስተም የፈጠነ ቅጽበታዊ መረጃ ያ ነበር። ታዲያ ያ መረጃ ለምን ወደ እናንተ መግባት አቃተው? አፑ ላይ "መንገድ ተበላሽቷል" ወይም "ወረፋ አለ" ብለን የምንነካት አንዲት ቁልፍ እንኳ የለችም። ከእናንተ ወደ እኛ ትዕዛዝ ይመጣል፣ ከእኛ ወደ እናንተ ግን የሚሄድ ነገር የለም።

የጸጥታውም ጉዳይ እንደዚሁ ነው። በየመስመሩ የታገቱም የተገደሉም ሹፌሮች አሉ፤ ቤተሰቦቻቸውን እናውቃለን። እኛ ጭነት ስንቀበል መጀመሪያ የምንጠይቀው "ስንት ኪሎ ሜትር ነው?" ብለን አይደለም፣ "መንገዱ ሰላም ነው ወይ?" ብለን ነው። ሲስተሙ ደግሞ አጭሩን ይመርጣል። ባለፈው ክረምት አንድ ባልደረባችን የአካባቢው ሰው "ዛሬ አትለፍ" ብሎ ስለመለሰው አንድ ከተማ ላይ አደረ። በማግሥቱ ከመስመር ውጭ ቆሟል ተብሎ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። ሹፌሩ ለነፍሱ ሲል ቆመ። ለመኪናውና ለጭነቱም ሲል ነው የቆመው። ይህን የመወሰን መብት ሊነካ አይገባም።

ማዳበሪያ የጫኑ ልጆች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አለባቸው። የዓባይ በረሃን ሲስተሙ የሚያየው እንደ ሜዳ ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአፑ ስሌት ከሰዓት በታች ያልቃል። አራት መቶ ኩንታል ጭኖ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል የወረደ፣ ከዚያ መልሶ የወጣ ሰው ግን በስንተኛ ማርሽ እንደሚሄድ ያውቃል። ፍሬን እንዳይግል እየቆሙ መሄድም አለ። በዚህ መንገድ "ዘገየህ" ብሎ ሰውን ማጣደፍ ገደል ግባ ማለት ነው። ደግሞ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኑ መጋዘን ሲደረስ አራጋፊ የለም፣ ወይ መጋዘኑ ሞልቷል፣ ወይ ተቀባዩ ሠራተኛ ለስብሰባ ሄዷል። አንዱ መኪና አራት ቀን ቆሞ ያውቃል። ገበሬው ማዳበሪያውን እየጠበቀ፣ ማዳበሪያው በሩ ላይ ቆሞ! ተቀባዩ ስንት መኪና በቀን ማራገፍ እንደሚችል ሳትጠይቁ አሥራ አምስት መኪና በአንድ ቀን የምትልኩ ከሆነ፣ ስሌቱ ምኑን አቀለለው?

የሰዓቱ ነገር ትንሽ ይመስላል፣ ግን ሰው ጎድቷል። አፑ የሚጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። "መጫኛ 08፡00" ይላል። አዲስ የተቀጠረ ልጅ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ከች አለ። ጠዋት 2 ሰዓት ማለታችሁ ነበር። ስድስት ሰዓት ዘግይቷል ተብሎ ተራው ተዘለለ። ትእዛዙ ሁሉ በእንግሊዝኛ መሆኑም ያው ነው። ከመሃላችን ኦሮምኛ፣ አፋርኛ፣ ሶማልኛ፣ ትግርኛና አማርኛ የሚናገር አለ፤ እንግሊዝኛ አንብቦ የሚነዳ ግን ጥቂት ነው። እየነዳ ማንበብስ ምን ያህል አደጋ ነው? በየቋንቋው በድምፅ ቢሆን ምን ነበረበት?

ጋላፊን ስንሻገር ሲማችን ኔትወርክ ያጣል። ያን ጊዜ "መሣሪያ ተነቅሏል" ተብሎ ይመዘገብብናል። መሣሪያው ኔትወርክ በሌለበት ቦታ መረጃውን ይዞ ቆይቶ በኋላ እንዲልክ ማድረግ ይቻላል ብሎ ያስረዳን ራሱ የገጠመው ቴክኒሺያን ነው። እስካሁን አልተደረገም።

አዲስ አበባ የሚያራግፍ መኪናም አለ። ከባድ መኪና ቀን ቀን ከተማ ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ ከተከለከለ ዓመታት አልፈዋል። ሲስተሙ ግን ጠዋት 4 ሰዓት ላይ መጋዘን ድረስ ይላል። ገላን ላይ ቆመን ምሽት እንጠብቃለን፤ ቀኑን ሙሉ ነጥባችን ይወርዳል።

ሞተር ሳይጠፋ ቆሟል ብላችሁ የናፍጣ ቅጣት የጣላችሁባቸው ልጆች አብዛኞቹ ጅቡቲ ላይ በሰኔና በሐምሌ ሙቀት ተራ ሲጠብቁ የነበሩ ናቸው። ያለ ኤሲ በዚያ ጋቢና ውስጥ አንድ ሰዓት መቀመጥ አይቻልም። ናፍጣ የሚሸጥ ሹፌር የለም አንልም። አለ፤ ሁላችንንም የሚያሰድበን እሱ ነው፤ ያዙት። ግን የነዳጅ መጠኑ በአንዴ ሲጎድልና በኤሲ ምክንያት ቀስ እያለ ሲቀንስ በሲስተሙ ላይ ይለያል። ለይታችሁ ቅጡ።

ባዶ ጉዞው ደግሞ ድርጅቱን ራሱን የሚጎዳ ነው። ወደ አገር የሚገባው ጭነት ከሚወጣው እጅግ ስለሚበልጥ ወደ ጅቡቲ ብዙ ጊዜ ባዷችንን እንወርዳለን። ይህን እናውቃለን። ግን ባለፈው ወር ሦስት መኪና ከሞጆ ባዶ ሲወርድ፣ የራሳችን ደንበኛ አዳማ ላይ ቡናና ቦሎቄ ይዞ መኪና አጣሁ እያለ ነበር። ከኛ ልጆች አንዱ ደንበኛውን ያውቀዋልና ደውሎ ጠየቀ። ስምሪት "ሲስተሙ ላይ የለም" አለው። የገቢና የወጪ ጭነት በሁለት የተለያየ መዝገብ ስለሚያዝ ነው አሉ። መንገድ ማሳጠር ማለት ከሁሉ በፊት ይህ አይደለም እንዴ? ናፍጣ እንዲህ በተወደደበትና ለአንድ ሙሊት ማደያ ላይ በሚታደርበት ጊዜ ባዶ መኪና ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት ያማል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው።

ነጥቡ ከአበል ጋር መያያዙ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። ሲስተሙ እስኪስተካከል ድረስ መለማመጃ ይሁን፤ ባለፈው ወር በወረፋ፣ በሰነድና በማራገፊያ ምክንያት የተቆረጠብን ይመለስ።

የኬላ፣ የሚዛን፣ የወደብና የማራገፊያ ጥበቃ ከመንዳት ሰዓት ተለይቶ ይመዝገብ፤ የመድረሻ ሰዓት ሲወጣም ካለፈው ዓመት መዝገብ ተነስቶ ይውጣ። ሰልፍ ላይ የቆመ ሹፌር አረፈ አይባል። የመንዳት ሰዓት ጣሪያ ይቀመጥለት፤ ሰዓቱ ያለቀበትን ሹፌር ሲስተሙ ራሱ አያሰማራው።

መንገድ ሲበላሽ፣ ወረፋ ሲኖር፣ ስጋት ሲኖር ሹፌሩ የሚያሳውቅበት ቁልፍ አፑ ላይ ይግባ፤ በድምፅና በየቋንቋችን ይሁን፤ ሰዓቱም በእኛው አቆጣጠር ይጻፍ። ለደኅንነቱ ብሎ የቆመ ሹፌር ምክንያቱን እስካሳወቀ ድረስ አይቀጣ።

የገቢና የወጪ ጭነት በአንድ መዝገብ ይያዝ። ተቀባዮች በቀን ስንት መኪና እንደሚያራግፉ አስቀድሞ ይጠየቁ።

ማንኛውም ቅጣት ከመጽናቱ በፊት ሹፌሩ በሦስት ቀን ውስጥ የሚያስረዳበት፣ ከእኛም ሁለት ሰው የሚቀመጥበት ኮሚቴ ይቋቋም። ከመተሐራ ወዲያ አደጋ ለደረሰበት ባልደረባችን የተጻፈው ደብዳቤም ይነሳ፤ የረዳቱ የሕክምና ወጪ ይሸፈን።

ከስምሪት ክፍሉ ሁለት ሰው በቀጣዩ ጉዞ አብረውን ጅቡቲ ደርሰው እንዲመለሱም እንጠይቃለን። ጋቢናው ውስጥ ቦታ አለ፤ ምግቡንም እኛ እንችላለን።

መልሳችሁን በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የድርጅቱ የረጅም ርቀት ሹፌሮች ተወካይ
ስለ ሹፌሮችና ረዳቶች

ግልባጭ፦
ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ለሠራተኛ ማኅበራችን